የሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በዚህ አዳራሽ አስመጪና ላኪዎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ የክሊኒክና የማተሚያ ቤት ባለቤቶች፣ ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ሥራቸው ቢለያይም ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ሁሉም የሚከፍቱት የኢሜይል ሳጥን አለ። የዛሬው ንግግር ስለዚያ ሳጥን ነው። ዓላማው አንድ አነስተኛ ድርጅት ኢሜይሉን ከነበረበት ቦታ ወደ አዲስ የክላውድ አገልግሎት ሲያዛውር በእርግጥ የሚዛወረው ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። መጀመሪያ ስለ ስሙና ስለ ባለቤትነቱ፣ ቀጥሎ ስለ ዝውውሩ ሥራ፣ በመጨረሻም በዚህ መሐል ስለሚገባው የማጭበርበር አደጋ ይነገራል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከዚህ ውስጥ ብዙውን ያውቁታል። ንግግሩ የተዘጋጀው በተለይ ገንዘቡን ለሚከፍለውና ሥራው ሲቆም ለሚጎዳው ሰው ነው።

በአንድ እውነተኛ ታሪክ መጀመር ይሻላል። ራክስፔስ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የሚገኝ፣ ለድርጅቶች ሰርቨር በማከራየት የታወቀ ኩባንያ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ የማይክሮሶፍትን የኤክስቼንጅ ሶፍትዌር በራሱ ማሽኖች ላይ ጭኖ የሌሎችን ኢሜይል ማስተናገድ ነበር። በዚህ አገልግሎት 30 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2022፣ ዓርብ ዕለት፣ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በቀጣዩ ማክሰኞ ኩባንያው ምክንያቱን ይፋ አደረገ፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንጀለኞች ሰርቨሮቹ ውስጥ ገብተው ነበር። ራክስፔስ ያንን አገልግሎት መልሶ አልገነባውም። ለደንበኞቹ ያቀረበው መፍትሔ ወደ ማይክሮሶፍት 365 እንዲዛወሩ ነበር።

ጨርሶ ያላሰቡበት በሺዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች እንዲህ ባለ ሁኔታ በድንገት ቤት ለቃቂ ሆኑ። አዲስ መልእክት መቀበል ለመጀመር የዶሜይን ስማቸውን፣ ማለትም በአድራሻቸው ላይ ከአት ምልክት በኋላ የሚመጣውን ስም፣ መቆጣጠሪያ ከፍተው ኢሜይሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተውን መስመር መለወጥ ነበረባቸው። መቆጣጠሪያው በእጁ ላለ ሰው ይህ የሰዓታት ሥራ ነው። የቀድሞ መልእክቶቻቸው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ከገባም በኋላ የድሮ ሳጥናቸውን ይዘት የሚጠባበቁ ብዙዎች ነበሩ። የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ስሙ ለብቻው ነው፣ መልእክቶቹ የተከማቹበት ቦታም ለብቻው ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊተርፍ ይችላል፤ ሁለቱንም ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጥንቃቄም የተለያየ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ፖስታ ቤት መሄድ ይበቃል። በአገራችን ደብዳቤ በየቤቱ አይታደልም፤ ልማዱ ሳጥን ተከራይቶ፣ ቁልፍ ይዞ ሄዶ መክፈት ነው። በየታፔላውና በየማኅተሙ ላይ ፖ.ሣ.ቁ. ተብሎ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲነሱ ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸውም፣ ታፔላቸውም፣ ደንበኛቸው የለመደው መንገድም በሳምንታት ውስጥ ተለወጠባቸው። የፖስታ ሳጥን ያለው ነጋዴ ግን ቁጥሩ ያው ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ከሐምቡርግ ቢጽፍለትም ደብዳቤው ይደርሰዋል።

የኢሜይል አድራሻም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት ሲልክ የሰውዬውን ስም ከማሽኑ ስም ለመለየት የአት ምልክትን መረጠ። ዛሬም ከዚያ ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ የሳጥኑ ቁጥር ነው። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት ወይም ዞሆን የመሳሰሉ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች ሳጥኑ የተቀመጠበት ሕንፃ ናቸው። ሕንፃው ሲለወጥ ቁጥሩ ባለበት እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩ የራስ ከሆነ ነው።

በዚሁ ወደ መጀመሪያው ክፍል፣ ወደ ስሙ ጉዳይ እንግባ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ታፔላ እያነበበ የሚሄድ ሰው ከስልክ ቁጥሩ ሥር ጂሜይል ወይም ያሁ የሚል አድራሻ ደጋግሞ ያያል። በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ቢሮ የከፈቱ ድርጅቶች ሳይቀሩ እንዲህ ይጽፋሉ። አገልግሎቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ችግሩ ያ አድራሻ የድርጅቱ ንብረት አለመሆኑ ነው። ድርጅቱ ነገ ሌላ አገልግሎት ቢመርጥ አድራሻውን ጥሎ መሄድ አለበት። ሥራ አስኪያጁ በግል ስሙ የከፈተው ሳጥን ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ሲለቅ የአሥር ዓመት የደንበኛ ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የራሱ ዶሜይን የሌለው ድርጅት ስለ ዝውውር ከማሰቡ በፊት ስም ማስመዝገብ ይኖርበታል። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው ዶት ኢቲ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶት ኮም የሚመርጡም ብዙ ናቸው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ።

ዶሜይን ያላቸው ድርጅቶችም ቢሆኑ በሰላም ይተኛሉ ማለት አይደለም። አንድ በጣም የተለመደ ሁኔታ አለ። ድርጅቱ ሲቋቋም አንድ ወጣት ድረ ገጽ ይሠራለታል። ወጣቱ ዶሜይኑን የሚያስመዘግበው በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ የይለፍ ቃል፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ የባንክ ካርድ ነው። ተንኮል የለበትም፤ ሥራውን ለማፋጠን ያደረገው ነው። ከዓመታት በኋላ ወጣቱ ሌላ ሥራ ይይዛል ወይም አገር ይለቃል፤ ስልኩ አይነሳም። ድርጅቱ ኢሜይሉን ለማዛወር ሲነሳ አዲሱ አገልግሎት ሰጪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዶሜይኑ የራሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው በዶሜይኑ መቆጣጠሪያ ውስጥ አጭር ጽሑፍ ማስገባት ነው። መቆጣጠሪያውን መክፈት የሚችለው ወጣቱ ብቻ ነው። ሥራው እዚያው ይቆማል።

የስም እድሳትም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንጆች ገና ዋዜማ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው ሆትሜይል ደንበኞቹን ማስገባት አቃተው። ምክንያቱ ማይክሮሶፍት ደንበኞች የሚገቡበትን፣ ፓስፖርት የተባለውን አገልግሎት ዶሜይን ሳያድስ ጊዜው በማለፉ ነበር። ዕዳው 35 ዶላር ነበር። ከኩባንያው ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነገሩን ደርሶበት በራሱ ካርድ ከፈለና አገልግሎቱ ተመለሰ። የዓለም ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ የዘነጋውን ቀን ሰባት ሠራተኛ ያለው ቢሮ ሊዘነጋው እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። የእድሳት ማሳሰቢያው የሚላከው በመዝገቡ ላይ ወዳለው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ሥር ከሆነ ዶሜይኑ ሲቆም ማሳሰቢያው የሚደርስበት ሳጥንም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ከዶሜይኑ ውጭ የሆነ፣ ሁለት ኃላፊዎች የሚከፍቱት አድራሻ መኖር አለበት። የዶት ኮም ስም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ሊከፈልበት ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ካርድ በየዓመቱ ማግኘት ለሚቸግረው የኢትዮጵያ ድርጅት ካርዱ በተገኘበት ዕለት የበርካታ ዓመታት ክፍያ መፈጸም ትልቅ እፎይታ ነው።

ስሙ በእጅ መሆኑ ከተረጋገጠ አገልግሎቱን መምረጥ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ አንወስድበትም። ጉግል ወርክስፔስ፣ ማይክሮሶፍት 365 እና ከሕንድ የመጣው ዞሆ ለአነስተኛ ድርጅት የሚበቃውን ሁሉ ይሰጣሉ። ክፍያቸው በሰው ቁጥርና በወር የሚታሰብ ሲሆን በዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እስከዚያ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ለአንድ ትርፍ ሳጥን መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎች አወቁ። የሽያጭ፣ የመረጃና የሒሳብ ክፍል አድራሻዎች እያንዳንዳቸው የሚከፈልበት ሳጥን መሆን የለባቸውም። በጉግል ለአንድ ሰው እስከ 30 ተለዋጭ አድራሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቀዳል። በማይክሮሶፍት ደግሞ ብዙ ሰው የሚጋራው ሳጥን እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ክፍያ የለውም። አሥራ ሁለት አድራሻ ያለው ድርጅት ሲጣራ የሚያስፈልገው የስድስት ሰው ክፍያ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ነፃ የሚባለውን ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ጉግል ለድርጅቶች ዶሜይን የኢሜይል አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን ነፃ ምርጫም ነበረው። በ2012 መጨረሻ ለአዲስ ገቢዎች ነፃውን ዘጋ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ነባሮቹም መክፈል እንዳለባቸው አስታወቀ። ከብዙ አቤቱታ በኋላ ለግል ጥቅም ብቻ የሚጠቀሙት በነፃ እንዲቀጥሉ ፈቀደ፤ ለንግድ የሚጠቀሙት ግን ወይ መክፈል ወይ መልቀቅ ነበረባቸው። ዶሜይናቸው በእጃቸው የነበረ ነጋዴዎች አማራጮችን አነጻጽረው የሚሻላቸውን መረጡ። ለባለቤትነት ይህን ያህል ጊዜ የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ዝውውሩ ሥራ እንለፍ። መልእክት ወደ አንድ ዶሜይን ሲላክ የላኪው ሰርቨር በቅድሚያ ዲኤንኤስ የሚባለውን የዓለም የስም መዝገብ ይጠይቃል። በመዝገቡ ውስጥ ኤምኤክስ የሚባል መስመር አለ፤ የዚህ ድርጅት ኢሜይል የሚገባው በዚህ ሰርቨር ነው ብሎ ይናገራል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። ኢሜይል ተዛወረ የሚባለው ይህ መስመር የተለወጠ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የሚሠራው ሁሉ ዝግጅት ነው።

መስመሩ ሲለወጥ ግን ዓለም ሁሉ በአንድ ደቂቃ አይሰማም። የየአገሩ ሰርቨሮች አንዴ ያነበቡትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ይይዙታል። የጊዜው ርዝመት ቲቲኤል በሚባል ቁጥር በሰከንድ ይጻፋል፤ 86,400 ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ከዝውውሩ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ቁጥሩን ወደ 300፣ ማለትም ወደ አምስት ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይገባል። እንዲህ ከተደረገ ለውጡ በፍጥነት ይሰማል፤ ስህተት ቢገኝም መመለስ ይቀላል። በሽግግሩ ሰዓታት አንዳንድ መልእክቶች በአሮጌው ሳጥን፣ ሌሎቹ በአዲሱ ይገባሉ። ስለዚህ አሮጌውን በዚያው ቀን መዝጋት ከባድ ስህተት ነው፤ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። መቀበያው ለጊዜው ቢጠፋ እንኳ ደንቡን የሚያከብር ላኪ ሰርቨር ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ ለአራትና ለአምስት ቀን ደጋግሞ ይሞክራል።

የድሮ መልእክቶችን ወደ አዲሱ ሳጥን መገልበጥ ሌላ ሥራ ነው። በአብዛኛው አይማፕ በሚባለው መንገድ አዲሱ አገልግሎት አሮጌውን ሰርቨር በቀጥታ ያነባል። በዚህ ጊዜ ቅጂው የሚሄደው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስለሆነ የቢሮው ኢንተርኔት ቢዘገይ፣ መብራትም ቢጠፋ ሥራው አይቆምም። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ የሚያመጣው መልእክቶችን ብቻ ነው። የስልክና የአድራሻ መዝገብ፣ የቀጠሮ ሰሌዳ አብረው አይመጡም፤ ለብቻቸው መውጣትና መግባት አለባቸው። ማይክሮሶፍት በዚህ መንገድ ከ35 ሜጋባይት የሚበልጥ መልእክት አያስገባም። የሕንፃ ንድፍና ፎቶግራፍ በኢሜይል ሲላላክ ለኖረ ድርጅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ድርጅቶች ኢሜይል የጀመሩት ኢንተርኔት ውድና ደካማ በነበረበት፣ በስልክ መስመር ይገባ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የተለመደው መንገድ ፖፕ ይባላል። ኮምፒዩተሩ መልእክቱን ከሰርቨር አውርዶ ለራሱ ያስቀምጣል፤ ከሰርቨሩም ወዲያው ወይም ከጊዜ በኋላ ያጠፋዋል። ለዘመኑ ጥሩ ዘዴ ነበር። ነገር ግን አሠራሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር እስከ ዛሬ የቀጠለበት ቢሮ ብዙ ነው። የዝውውሩ ባለሙያ አሮጌውን ሰርቨር ሲከፍት የሦስት ሳምንት መልእክት ብቻ ያገኛል። ሁሉንም አዛውሬያለሁ ብሎ ሥራውን ያስረክባል። የአሥራ አንድ ዓመቱ ውል፣ የዋጋ ስምምነትና የጉምሩክ ወረቀት ያለው በዚያ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ አውትሉክ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም በሚፈጥረው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ያ ኮምፒዩተር አርጅቷል ተብሎ ቢሸጥ ወይም ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ ታሪኩ አብሮ ያልቃል።

ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት በየጠረጴዛው እየዞሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፋይሉ ሲገኝ መጀመሪያ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝለታል፤ ቀጥሎ ወደ ክላውድ ይሰቀላል። እዚህ ላይ የቢሮው ኢንተርኔት ይፈተናል። 20 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሲሰቀል 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ አንዴም ካልተቋረጠ። ስለዚህ ሥራውን ዓርብ ማታ ጀምሮ ሰኞ ጠዋት መጨረስ፣ ሲቋረጥም ካቆመበት የሚቀጥል መሣሪያ መጠቀም ይሻላል።

ሌላው የሚረሳው ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ወረቀት ስካን አድርጎ የሚልከው የኮፒ ማሽን፣ በድረ ገጹ ላይ ያለው የመጠየቂያ ቅጽ፣ ደረሰኝ የሚልከው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ሌሊት ምስል የሚልከው የጥበቃ ካሜራ ሁሉም የአሮጌውን ሰርቨር ስምና የይለፍ ቃል በውስጣቸው ይዘዋል። ሰው ቅሬታ ያቀርባል፤ ማሽን ግን ዝም ይላል። የድረ ገጹ ቅጽ መሥራት ማቆሙ የሚታወቀው የጉብኝት ጥያቄ መምጣት አቁሞ ገበያው ቀዘቀዘ ተብሎ ሁለት ወር ከታሰበ በኋላ ነው። የጉዞ ወኪሎች ይህን ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል።

ቀኑን መምረጥም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጋር ለሚሠራ የኢትዮጵያ ድርጅት የዘመን አቆጣጠራችን ልዩ ዕድል ይሰጣል። በዲሴምበር 25 አካባቢ የገዢዎቹ ቢሮዎች ይዘጋሉ፤ የሚመጣው መልእክት ጥቂት ነው። እኛ ግን ገናን የምናከብረው በጃንዋሪ መጀመሪያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሥራ ላይ ነን። ሠራተኛው ቢሮ ውስጥ እያለ፣ ገዢው ግን በዓል ላይ ሳለ የሚደረግ ዝውውር ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በተቃራኒው የመርከብ ሰነድ በሚጠበቅበት ሳምንት ኢሜይል ማዛወር ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

የመጨረሻው ክፍል ስለ መታመን ነው። የኢሜይል መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስቴል ሲጻፍ ላኪው ስለ ራሱ የሚናገረውን የሚያጣራ ነገር አልነበረበትም። በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን የላኪ ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ በኢሜይልም ይቻላል። ይህን ለመቆጣጠር በኋላ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ። ኤስፒኤፍ በዚህ ስም መላክ የሚፈቀድላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል። ዲኪም መልእክቱ ላይ የማይታይ ማኅተም ያደርጋል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ፈተና ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። ሦስቱም የሚጻፉት በዚያው በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ ነው።

በዝውውር ጊዜ ኤምኤክስን ለውጦ እነዚህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። መልእክት ይመጣል፤ የሚላከው ግን በተቀባዩ ዘንድ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ፣ በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ ይጠይቃሉ። አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚችለው የኤስፒኤፍ መስመር አንድ ብቻ ነው። የአሮጌውን ሳያነሱ የአዲሱን ሁለተኛ መስመር አድርገው የሚጨምሩ ባለሙያዎች ሁለቱንም ያበላሻሉ።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን በቡና ላኪ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ላኪው ለውጭ ገዢ የክፍያ መጠየቂያ በኢሜይል ይልካል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ አለ። አጭበርባሪው አስቀድሞ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ይሰርቃል። ምንም ሳይነካ ለሳምንታት ያነባል። በሳጥኑ ውስጥም የሚገባው ሁሉ ቅጂው ወደ እርሱ እንዲሄድ የሚያደርግ ስውር ትእዛዝ ያስቀምጣል። የክፍያው ቀን ሲደርስ በዚያው የንግግር ቃና፣ በዚያው የወረቀት ቅርጽ አዲስ የባንክ ሒሳብ ልኮ የድሮው ተዘግቷል ይላል። ገዢው ከፍሏል፤ ላኪው አልተቀበለም፤ ለዓመታት የተገነባ ወዳጅነት በአንድ ቀን ወደ ክስ ይሄዳል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. ለ2023 ዓመት ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ስላለው ማጭበርበር 21,489 አቤቱታ መቀበሉን፣ የጠፋው ገንዘብም ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ገልጿል።

ዝውውር ለዚህ ሌባ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል እርሱን ማግኛ አጋጣሚ ነው። ከአሮጌው ሳጥን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፉ ትእዛዞችን ሁሉ አንድ በአንድ አንብቦ ማንም የማያውቀውን መሰረዝ፣ በአዲሱ ቤት ለሁሉም አዲስ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ከዚያም ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫን ከመጀመሪያው ቀን ግዴታ ማድረግ ይቻላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው ይህ ሁለተኛ ማረጋገጫ አካውንት ውስጥ ሰርጎ ለመግባት ከሚደረጉ ሙከራዎች ከ99.9 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይከላከላል። ዋጋውም ያው ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅበትም።

በሌላ በኩል ግን ዝውውሩ ለሌባው ምቹ ሰሞን ነው። ሠራተኛው ለውጥ እንዳለ ሰምቷል፤ ሳጥንዎ ሊዛወር ስለሆነ የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ የሚል መልእክት ቢመጣለት አይጠራጠርም። ስለዚህ የዝውውሩ ዜና በኢሜይል መነገር የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ በቃሉ፣ ማን መጥቶ ኮምፒዩተራቸውን እንደሚያስተካክልና በምን ቀን እንደሆነ ይንገራቸው። ለውጭ ደንበኞችም ስልክ ተደውሎ አድራሻችንም የባንክ ሒሳባችንም አልተለወጠም ቢባል ጥሩ ነው።

ክሊኒክና ትምህርት ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ውጭ ማስተላለፍን በሁኔታዎች ይገድባል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የታካሚ ውጤት በኢሜይል የምትልኩ ከሆነ ወደ ውጭ አገር ክላውድ ከመዛወራችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ዛሬውኑ ኢሜይላችሁን አዛውሩ አይባልም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ የድርጅታችን ዶሜይን በማን ስምና በየትኛው ኢሜይል ተመዝግቧል? ጊዜውስ የሚያልቀው መቼ ነው? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከንግድ ፈቃዳችሁና ከቲን የምስክር ወረቀታችሁ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡት። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ካለ ሰውዬው ዛሬ ስልኩን የሚያነሳ እስከሆነ ድረስ ደውሉለት፤ አመስግናችሁም ወደ ድርጅታችሁ ስም እንዲያዛውርላችሁ ጠይቁት።